ከኡስታዝ ኢድሪስ የተማርኩት ሥራ

እኛ «ጡረታ ወጣ» እንላለን፤ ሱዳኖች «ወደ መዓሽ ወረደ» ይላሉ። እኔ ጎንደሬ አባት ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ላይ ያሳደገኝ ሰው ነኝና ባንዱ ወጥቼ ባንዱ ወርጄ፣ አሁን ቤቴ ተቀምጫለሁ። የተሰናበትኩ ዕለት የዩኒቨርሲቲው ወጣት ሠራተኞች ሻይና ብስኩት አቅርበው ሲያበቁ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ጠጋ ብላ፣ «ኡስታዛ ሰዓዳ፣ ይሄ ክፍላችን ሳይከፈት በፊት ሥራውን ማን ነበር የሚሠራው?» አለችኝ። የክፍላችን ስም ደጃፉ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል ይላል። እኔ በጀመርኩበት ዘመን ስምም ደጃፍም አልነበረውም። ላስረዳት ስል ምሳ ሰዓት ደረሰና ተለያየን። ያን ቀን ሳልጨርስላት የቀረውን ነው የምጽፈው።

አባቴ የጎንደር አዲስ ዓለም ሰው ነበር። በመተማ በኩል ጨርቅ ሲያመላልስ ኖሮ ኋላ ገዳሪፍ ገበያ ትንሽ ሱቅ ከፈተና እኔንና እናቴን አስመጣን። ትምህርት ቤት በዓረብኛ ተማርኩ፤ ቤት ውስጥ አማርኛ ነው፤ ትግርኛውን ከጎረቤት ለቀምኩ። ታይፕ መምታት ያስተማረኝ የአባቴ ደንበኛ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከጎንደርም ከትግራይም ሰው በእግሩ ድንበር እያቋረጠ ሲጎርፍ፣ ሦስቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በየቢሮው ይፈለግ ጀመር። እኔም ተፈለግሁ።

በየመጠለያው በዳስ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ልጁ ብዙ ነው፣ አስተማሪ ግን የለም። ስለዚህ ከስደተኞቹ መካከል ሁለተኛ ደረጃ የደረሱ ወጣቶች እየተመረጡ ገዳሪፍ ከተማ በተከፈተ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ይሠለጥኑ ጀመር። እዚያ ታይፒስትና አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ደሞዙ ጥቂቱ በገንዘብ፣ ጥቂቱ በዱቄትና በዘይት ነበር፤ ስለ ደሞዝ ይህ ይበቃል።

ኮሌጅ ይባል እንጂ የድሮ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። ወለሉ ጆንያ ከሎሪ ላይ በቀጥታ እንዲራገፍበት ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ፣ ጆንያ ያልሆነ ሰው ወደ ክፍል የሚገባው ገደል በመሰለ ቀጭን ደረጃ ወጥቶ ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ማዶ ጫፍ ላይ ነበር። በዚያ መካከል የገዳሪፍ ጥቁር አፈር አለ። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይሆናል፤ በኸሪፍ፣ ማለት በዝናቡ ወራት፣ ጫማ ነጥቆ የሚያስቀር ጭቃ ነው።

ዳይሬክተራችን አቶ ወንድሙ ጎንደር ውስጥ ብዙ ዓመት ያስተማሩ ሰው ነበሩ። ደግ ናቸው፤ ኮሌጁ ግን በየቀኑ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ጠመኔ ሲገኝ ውሃ ያልቃል፤ ውሃ ሲመጣ ማገዶ የለም። ዓረብኛ እንዲያስተምሩ የተቀጠሩት ኡስታዝ ኢድሪስ የመጡት በዚህ መሐል ነው።

ኡስታዝ ኢድሪስ የከሰላ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ወስዶታል። ነጭ ጀላቢያ ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው በሩ ላይ ሲቆሙ ሮጬ እጃቸውን ያዝኩና ልጎትታቸው ስል፣ በቀስታ አስለቀቁኝ።

«ያ ቢቲ» አሉኝ፤ ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። «አንቺ ከያዝሽኝ የምትወስጂኝ አንቺ ነሽ። እኔ ከያዝኩሽ የምሄደው እኔ ነኝ። ክንድሽን ስጪኝ።»

ክርኔን ያዝ አድርገው ትንሽ ከኋላዬ ሆነው ሄዱ። ክፍሉ ውስጥ እንደገባን አንዴ አጨበጨቡና ጆሯቸውን አዘነበሉ። «ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በስተግራ የተከፈተ መስኮት አለ። ከኋላ የሚቀመጠው ተማሪ አስተማሪው የሚለውን አይሰማም» አሉ። እውነት ነበር። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ለወራት ሲያጉረመርሙ እኛ ሥነ ሥርዓት ያጡ መስለውን ቆይተናል።

በመጀመሪያው ኸሪፍ ሓጎስ የሚባል የትግራይ ልጅ ከክፍል ቀረ። በልጅነቱ ፖሊዮ አንድ እግሩን አድርቆበት በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ሱዳን የገባውም በዚያው ምርኩዝ ነው። አቶ ወንድሙ፣ «ናፍቆት ይሆናል፤ ተዉት ይረፍ» አሉ። ኡስታዝ ኢድሪስ ግን ወደ እኔ ዞር አሉና፣ «መቅረት የጀመረው ዝናቡ ከጣለ ወዲህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ተያይዘን ወደ ማደሪያው ሄድን።

ሓጎስ በገመድ አልጋው፣ በዓንገሬቡ ላይ ተቀምጦ ያነብ ነበር። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«ለምን ቀረህ?» አልኩት በትግርኛ።

«ምርኩዜ ጭቃው ውስጥ ገብቶ ይቀራል» አለ። «ትናንት ልጆቹ አዝለው አወጡኝ። ሰው በየቀኑ አዝሎ አያወጣኝም።»

ያለውን ለኡስታዝ ስነግራቸው፣ «ሽንት ቤትስ እንዴት እየሄደ ነው?» አሉ። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ወንድ ልጅ መጠየቅ አፈርኩ፤ ግን ጠየቅሁት።

ሓጎስ አንገቱን ደፋ። «ውሃ መጠጣት ትቻለሁ» አለ።

ኡስታዝ ኢድሪስ መልሱን ሰምተው ቆሙና በቀጥታ ወደ አቶ ወንድሙ ቢሮ ሄዱ። ግቢው ውስጥ ለሌላ ሥራ የመጣ ሲሚንቶ ተቀምጦ ነበር፤ እሱን ለመንገድ ስጡን አሏቸው። አቶ ወንድሙ ተቆጡ። በዚያ ሳምንት ከመጠለያዎቹ የሚመጣው ወሬ ሁሉ የሞት ወሬ ነበር። የገዛ ወንድማቸው ልጆች መንገድ ላይ ቀርተውባቸዋል።

«ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ እናንተ የግቢ ንጣፍ ትሉኛላችሁ?» አሉ። እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ።

ኡስታዝ ኢድሪስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በድርቅ ዘመን፣ ውሃ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ አንድ ልጅ ተጠምቶ እየዋለ ነው። ውሃ ከልክለነው አይደለም፤ መንገድ ከልክለነው ነው» አሉ።

ይህንም ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስኩ። አቶ ወንድሙ በመስኮቱ ወደ ሲሚንቶው ተመለከቱ። ከዚያ፣ «ጡብ ከየት ልታመጡ ነው?» አሉ። እሺ ማለታቸው ነበር።

ጡቡን ተማሪዎቹ ከከተማው ዳር ካሉ ጡብ ተኳሾች እየለመኑ ስብርባሪውን በራሳቸው ተሸክመው አመጡ። ከማደሪያው እስከ ክፍሉ፣ ከክፍሉ እስከ ሽንት ቤቱ አነጠፍን። በገደሉ ደረጃ ጎን የኮሌጁ አናጢ የተንጋለለ መውጫ ሠራ፤ የመጀመሪያው በጣም ቀጥ ብሎ ሓጎስን ወደ ኋላ ስለጣለው አፈረሰውና አርዝሞ ሠራው። የምርኩዙን ጫፍ ደግሞ ከአሮጌ ጎማ ቆርጦ እንደ ግመል ኮቴ ሰፋ አደረገለት። መንገዱ ከተነጠፈ በኋላ ብረት ድስት የምትሸከመዋ ወጥ ሠሪ በዚያ ሄደች፣ አቶ ወንድሙ ብስክሌታቸውን በዚያ ገፉ፣ ኡስታዝም ዘንጋቸውን በጡቡ ጠርዝ እያስነኩ ብቻቸውን መሄድ ቻሉ። ጭቃው ውስጥ የሚሄድ ሰው ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ ታይፑ ትርፍ ሥራዬ ሆነ። አቶ ወንድሙ፣ «በቃ ከኡስታዝ ጋር ዙሪ፤ ማን ምን እንደቸገረው ንገሩኝ» አሉኝ። እኔም ዞርኩ።

የኡስታዝ ኢድሪስን ልማድ ልንገራችሁ። በሱዳን ሳምንቱ የሚጀምረው ቅዳሜ ነውና፣ በየቅዳሜው ትምህርት ሳይጀመር ጧት፣ ግቢውን አንዴ ይዞራሉ። ሳምንቱን ማን ምን ዕቃ ከቦታው እንዳነሣ ለማወቅ ነው። መንገዱ ላይ የተረሳ ጀሪካን ወይም የተጋደመ ብስክሌት ያገኙ እንደሆነ፣ ሲቆጡ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። በሩም ወይ ጥርግ ብሎ መከፈት ወይ መዘጋት አለበት፤ ገርበብ ያለ በር ዓይን ለሌለው ሰው ግንባር መቺ ነው ይላሉ። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ምን ጎደለህ ብለው አይጀምሩም። ስሙን ይጠይቁና፣ «እስካሁን እንዴት አድርገህ ኖርክ?» ይሉታል። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ሰው ሁሉ የራሱን ብልሃት ይዞ ነው የሚመጣው፤ እኛ የራሳችንን ብልሃት ልንጭንበት ስንቸኩል የሱን እናስረሳዋለን ይሉኝ ነበር። ዝም ማለቱ ለኔ ከሁሉ ከበደኝ። ሰው ሲናገር ከመሐል ገብቼ መጨረስ እወዳለሁ።

ደሳለኝ የመጣው በዚያው ዓመት ነው። የጭልጋ ልጅ ነው፤ አገሩ ሳለ የመንደሩን ልጆች ፊደል ያስቆጥር ነበር። ቱነይድባ መጠለያ እንደገባ ማጅራት ገትር ያዘው። ከሞት ተርፎ ሲነሳ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም። አንደበቱ ግን እንዳለ ነው፤ ጨዋታም ያውቃል። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ አንዳንዴ ይጮኻል፣ አንዳንዴ ይንሾካሾካል።

ሦስታችን ተቀመጥን። ኡስታዝ በዓረብኛ ይናገራሉ፣ እኔ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ደሳለኝ አንብቦ በአፉ ይመልሳል፣ እኔ መልሼ በዓረብኛ እናገራለሁ። «እስካሁን እንዴት አድርገህ ኖርክ?» ተባለ።

«የሰውን አፍ አያለሁ» አለ ደሳለኝ። «ቀስ ብሎ የተናገረውን ግማሹን እይዛለሁ። ሪዛም ሰው ግን አንድም አይነበብልኝ። አቶ ወንድሙ ሲያስተምሩ የማየው ሪዝ ብቻ ነው።»

ኡስታዝ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ነገሩን ለአቶ ወንድሙ እንዴት አድርጌ እንደምነግር ጨንቆኝ ዋልኩ። ስነግራቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፈን አደረጉ። በማግሥቱ ሪዛቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው መጡ። ያላወቃቸው ዘበኛ በር ላይ አቆማቸው።

ደሳለኝን ከፊት፣ ወደ ጎን አስቀመጥነው፤ ብርሃኑ ከጀርባው ገብቶ በአስተማሪው ፊት ላይ እንዲያርፍ። አስተማሪዎቹ ወደ ጥቁር ሰሌዳው ዞረው መናገር እንዲተዉ ስንለምን ከረምን፤ የሃያ ዓመት ልማድ ነውና ባንድ ቀን አልለቀቃቸውም። ተማሪ ሲጠይቅ መጀመሪያ እጁን ያወጣል፣ ደሳለኝ ዞር ብሎ እስኪያየው ይጠብቃል፣ ከዚያ ይናገራል። ሓጎስ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ያመለጠውን ያሳየዋል። ደሳለኝ ቀደመ። በጽሑፍ ፈተና ክፍሉን ሁሉ አስከትሎ ሄደ፤ እኛም ጨረስን ብለን ደስ አለን።

የምስክር ወረቀት ለማግኘት ግን የማስተማር ፈተና አለ። ሠልጣኙ አንድ ጧት በማያውቀው የመጠለያ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከውጭ በመጣ ፈታኝ ፊት ያስተምራል። የደሳለኝ ተራ ደረሰና በሎሪ ሄድን።

ዳሱ ውስጥ ልጆች ተጠጋግተው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ደሳለኝ ፈገግ ብሎ ገባ፣ ሰላምታ ሰጠ፣ ጥሩ አድርጎ ጀመረ። ሰሌዳው ላይ ፊደል ጽፎ «በሉ እንግዲህ» አለ። ልጆቹ ጮኸው አነበቡ። ጨርሰው ዝም ካሉ በኋላም እሱ እየጠበቀ ቆመ። አንድ ልጅ ጥያቄ ጠየቀ፤ ደሳለኝ ሌላ ልጅ እያየ ነበር። ልጆች ናቸው፣ ቶሎ ነቁ። ከኋላ አንዱ እንደ ውሻ ጮኸ፤ ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ደሳለኝ ዞር ሲል ሁሉም ይስቃሉ። የራሱ ቀልድ የሠመረለት መስሎት አብሯቸው ሳቀ።

ፈታኙ ተነሥቶ ወጣ።

ስንመለስ ሎሪው ላይ ደሳለኝ ሰሌዳዬን ከእጄ ወሰደና፣ «ለምንድን ነው የሳቁት?» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። በአፉ አልጠየቀኝም። ለኡስታዝ ነገርኳቸው። «ንገሪው። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን እሱ ብቻ አይጣው» አሉኝ። ጻፍኩለት። አነበበውና በእጅጌው አጠፋው።

ውጤቱ ሳይነገር ከኮሌጁ ጠፋ።

 ኡስታዝ ኢድሪስ በዚያ ሳምንት አንድ ጧት ሻያቸውን እንደያዙ፣ «የሚማርበትን ሁሉ አሰናዳን። የሚያስተምርበትን ክፍል ግን አንድ ቀን ሄደን አላየነውም» አሉ። እኔ «ረሳን» ስል፣ «እኔ ነኝ የረሳሁት፤ ክፍል ገብቶ ማጨብጨብ የኔ ሥራ ነበር» ብለው አረሙኝ።

አዝመራ ሲደርስ ደሳለኝ ቁረይሻ በኩል፣ ድንበሩ አጠገብ፣ የማሽላ እርሻ ላይ በቀን ሠራተኝነት ይሠራል የሚል ወሬ ሰማን። ኡስታዝ እንሂድ አሉ። ስንደርስ ሠራተኞቹ ሜዳውን ሞልተው ማሽላ ያጭዳሉ። አለቃቸው ከሩቅ ሻሹን ፈትቶ ያውለበልባል፤ ውሃ፣ ምሳ፣ ተነሡ፣ ሁሉንም በሻሽ ነው የሚናገረው። ደሳለኝ ሲያየን ማጭዱን ጥሎ ሮጦ መጣና ጉልበት ስሞ ኡስታዝን አቀፋቸው። ፊቱ ጠቁሯል፣ ክንዱ ደንድኗል።

«ተመለስ። በዚህ ጊዜ ከነክፍሉ እናሰናዳለን» ብዬ ጻፍኩለት።

አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። ድምፁ ያን ዕለት ልክ ነበር፤ አልጮኸም፣ አልተንሾካሾከም።

«እትዬ ሰዓዳ፣ እዚህ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ሰው ሁሉ በእጁ ነው የሚያወራው። እንድሰማው የሚጠብቅ የለም። እናንተ ጋ ሳለሁ ጆሮዬን በየቀኑ እንደ አዲስ አጣው ነበር። አትዘኑብኝ።»

ለኡስታዝ ስተረጉም አላቋረጡኝም። ብዙ ለመንነው፤ እንቢ አለ። ሲሰናበተን አንድ የማሽላ ራስ ቆርጦ በኡስታዝ መዳፍ ላይ አኖረ። ገዳሪፍ እስክንገባ ከእጃቸው አላስቀመጡትም። ደሳለኝን ከዚያ በኋላ አላየሁትም። አንዳንዱ ወደ አገሩ ገባ ይላል፣ አንዳንዱ ወደ ካርቱም ወረደ ይላል። በሥራ ዘመኔ ሁሉ አዲስ ተማሪ በር ላይ ባየሁ ቁጥር ስለሱ አስባለሁ።

ሙሉነሽ የመጣችው በተከታዩ ዓመት ነው። የበለሳ ልጅ ናት፤ ጎንደር ከተማ ዘመድ ጋ ሆና ትማር ነበር። ድርቁ ቤተ ሰቧን ሲያፈናቅል አብራ ተሰደደች፤ መንገድ ላይ ትንሽ ወንድሟን ቀበሩ። መጠለያ ሲደርሱ ኩፍኝ ያዛት። ረኃብ የደቆሰውን ሰው ኩፍኝ ሲያገኘው ዓይን ይዞ ይሄዳል፤ የሷንም ወሰደው።

አቶ ወንድሙ ሊቀበሏት ፈሩ። ክፋት አልነበረም። «ከደሳለኝ በኋላ ሌላ ልጅ በልጆች ፊት ላዋርድ?» አሉን፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«በዚህ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን» አሉ ኡስታዝ ኢድሪስ። «መጀመሪያ የምታስተምርበትን ክፍል እናያለን፤ ከዚያ ኮሌጁን።»

እሷንም እንደ ሁሉ ጠየቋት፤ እስካሁን እንዴት አድርገሽ ኖርሽ?

«ሰው እየመራኝ» አለች።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊትማ አያለሁ እኮ!» ብላ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ ቆም ብላ፣ «ሰው በድምፁ እለያለሁ። አንዴ የሰማሁት ድምፅ አይጠፋኝም» አለች። ኡስታዝ ያችን ቃል ያዙ።

ብሬል ማስተማር ጀመሩ። እሳቸው የሚያውቁት የዓረብኛውን ነው። የአማርኛውን ነጥቦች አገር ቤት ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ ከነበረ አንድ ስደተኛ ተቀበልን። ፊደላችን በብሬል ይረዝማል፤ አንዷ «ሙ» ሁለት ሆና፣ መጀመሪያ ተነባቢዋ ቀጥሎ አናባቢዋ ተለይተው ነው የሚጻፉት። ሙሉነሽ በገዛ ስሟ ነው የለመደችው። ወፍራም ወረቀት ስላልነበረ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት አራግፈን፣ ያለፈበት የግድግዳ ካላንደር ከየሱቁ ለምነን በዚያ ላይ ወጋን። በሙቀቱ ጣቷ ሲያልበው ነጥቦቹ ያመልጧታል፤ አጠገቧ በሣህን አመድ አስቀመጥንላትና ጣቷን እያስነካች ታነባለች። እነሱ በጨለማም ያነባሉና እንዳይቀድሙኝ እኔም ቀን ቀን አብሬ ተማርኩ፤ በጣቴ ሳይሆን በዓይኔ ስለማነብ ኡስታዝ ሌባ ይሉኝ ነበር።

በየሳምንቱ ደግሞ ቱነይድባ እንወርዳለን። የመጠለያው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ሰጥቶን ነበር። ኡስታዝ ገብተው አጨበጨቡ፤ ሙሉነሽም አጨበጨበች። ዳሱ ውስጥ መሐል ለመሐል መተላለፊያ አወጣን። ልጆቹን በረድፍ አስቀመጥንና ሙሉነሽ ለየረድፉ የወንዝ ስም አወጣችለት፤ ተከዜ፣ አንገረብ፣ ሽንፋ፣ ዓባይ። እጅ ማውጣት ቀረ። መናገር የፈለገ ረድፉንና ስሙን ይጠራል፤ «ሽንፋ፣ አለሚቱ!» እንደማለት። ሰሌዳው ላይ በሲባጎ መስመር ወጠርንላት፤ ሲባጎውን እየዳሰሰች ትጽፋለች፣ ልጆቹ ጮክ ብለው ያነቡላታል፣ ከተሳሳተች ራሳቸው ያርሟታል። ማረሙን ወደዱት።

ያላሰብነውም ነገር መጣ። ጧት ጧት ስማቸውን ስታስጠራ፣ ከድምፁ የደከመውን ትለያለች። «ዓባይ፣ ከድር፣ ድምፅህ ምን ሆነ? ትናንት ምን በላህ?» ትላለች። እያየን ያላየነውን ልጅ በጆሮዋ አግኝታ ወደ ክሊኒክ ያስላከችበት ቀን ብዙ ነው።

የፈተናው ጊዜ ደረሰ። ፈታኙ ያው ደሳለኝን ያየው ሰው ነበር። ደንቡ በማታውቀው ክፍል ትፈተን ይላል አለ። ይህን ጊዜ አቶ ወንድሙ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ጌታዬ፣ የሚፈተነው ማስተማሯ ነው ወይስ መደናገሯ? ማንኛውም አስተማሪ ክፍሉን ያውቃል፤ ልጆቹም እሱን ያውቁታል። እኔ በዓይኔ እያየሁ እንኳ አዲስ ክፍል ስገባ ሳምንት እደናገር ነበር።»

ፈታኙ፣ «ክፍሉ ይሁን። ትምህርቱን ግን እዚያው ደርሼ እኔ እመርጣለሁ» አለ።

ማባዛት መረጠ። ሙሉነሽ ጠጠር አስመጥታ በየረድፉ አከፋፈለች። ልጆቹ ጠጠሩን እየከመሩ ስማቸውን ይጠራሉ፣ መልሱን ይናገራሉ። ፈታኙ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ እኔና ኡስታዝ ከአቶ ወንድሙ ጋር ከዳሱ ጥግ ቆመናል። ከጠዋቱ ጀምሮ አየሩ ታፍኖ ነበር። ድንገት ውጭ ሰው ሲሯሯጥ ተሰማ፤ በበሩ ስመለከት አቧራው እንደ ግድግዳ ቆሞ ይመጣል፤ ሱዳኖች ሃቡብ የሚሉት ነው። ደረሰብን። ዳሱ ጨለመ፣ ጭራሮው ተንኳኳ፣ አፍና ዓይናችን አፈር ሞላ። ልጆቹ ጮኹ፤ አንዳንዶቹ ሊወጡ ተነሡ። በዚያ አቧራ ውስጥ የወጣ ልጅ መንገዱን አያገኝም።

ፈታኙ፣ «ይውጡ! ይበተኑ!» ሲል ሰማሁ፤ አላየሁትም።

ከዚያ የሙሉነሽ ድምፅ መጣ። አልጮኸችም፤ ሁልጊዜ ስም በምትጠራበት ድምፅ ነው። «ተከዜ፣ ቁጭ በሉ። ከፊት ጀምራችሁ ስማችሁን ጥሩ።» አንድ ልጅ እያለቀሰ ስሙን ጠራ። ቀጥሎ ያለው ጠራ። «አንገረብ።» እነሱም ጠሩ። «ሽንፋ፣ አለሚቱ አልጠራችም።» «አለሁ፣ እትዬ!» ዓባይ ደረሰች፣ አለቀች። ሁሉም ውስጥ ነበሩ።

«በሉ፣ ነጠላችሁንና ሻሻችሁን አፋችሁ ላይ አድርጉ። ጠጠሩን ዳስሱት። ሦስት ጊዜ አራት ስንት ነው? ዓባይ!»

ከጨለማው ውስጥ መልሱ መጣ። ኡስታዝ ኢድሪስ ክርኔን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ።

አቧራው ሲያልፍ ሁላችንም አፈር መስለናል። ፈታኙ በርጩማው ላይ አልነበረም። መሬት ላይ፣ ከሽንፋ ልጆች መካከል፣ መሐረቡን አፉ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ፊቱ የተከመረ ጠጠር አለ። እያሳለ ተነሣ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ለሙሉነሽ ሳይሆን ለአቶ ወንድሙ፣ «አልፋለች» አለ። አቶ ወንድሙ፣ «ለራሷ ይንገሯት» አሉት። ወደሷ ሄዶ ነገራት።

ኮሌጁ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተዘጋ። ሓጎስ አገሩ ገብቶ ርዕሰ መምህር ሆነ። ኡስታዝ ኢድሪስ ወደ ከሰላ ተመለሱና እስኪሞቱ ድረስ አስተማሩ። እኔም ከሰላ ሠራሁ፣ ተመልሼ ገዳሪፍ፣ በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ገባሁ፤ ብዙ አለቃ አየሁ፣ ብዙ ሕንፃ ከነደረጃው ተጨቃጨቅሁበት። የሥራ ቀን ምረጪ ብትሉኝ ግን የምመርጠው ሙሉነሽ ቱነይድባ ከተመደበች በኋላ ልናያት የሄድንበትን ቀን ነው።

ከኡስታዝ ጋር ነበርን። አዲስ የተወጋ ወረቀት በጆንያ ይዘንላት፣ ሲባጎው ላልቶ እንደሆነ ልናጠብቅ፣ መተላለፊያው ተዘግቶ እንደሆነ ልናስከፍት። ዳሱ በር ላይ ደርሼ ገና አንድ እግሬን ሳስገባ አረማመዴን ሰምታ ወደኔ ዞረች።

«እትዬ ሰዓዳ ነሽ? ትምህርት ላይ ነኝ። ደወል እስኪደወል ደጅ ጠብቁኝ።»

ልጆቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። እሺ ብዬ እግሬን መለስኩ። ለኡስታዝ ያለችውን ስነግራቸው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። ከኒም ዛፍ ሥር ጥላ ነበር፤ ጆንያውን አስቀምጠን እዚያ ተቀመጥን። ከውስጥ ልጆቹ ያነባሉ፣ እሷ ታርማለች። ደወሉ ብዙ ቆየ፤ አልቸኮልንም።